«ገና» ጠብቆ፣ «ገና» ላልቶ፦ በጎንደር የተሠራ የአንድ አልበም የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው አንዲት ወጣት የጎንደር ድምፃዊት በ2012 ዓ.ም. ያጠናቀቀችውን የመጀመሪያ አልበሟን ነው። ጥምቀት አልፎ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ጸጥ ባለበት ሰሞን፣ ማራኪ አካባቢ በምትገኝ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ተገኝቼ ዘፈኖቹ ሚክሲንጋቸው ሳያልቅ እንዳዳምጣቸውና በተለይ ግጥሞቹን እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። የተጠራሁት አማርኛ ስለማስተምርና ክራር በመጠኑ ስለምጫወት ነው። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰችው ራሷ ድምፃዊቷ ናት፤ እርሷንም ሆነ አቀናባሪውንና ባለማሲንቆውን በስም ላለመጥቀስ ስለተስማማን በሙያቸው ብቻ አነሳቸዋለሁ።

ስለ ዘፈን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ግጥሙ ከዜማው ተነጥሎ እንደ ቅኔ ይፈታል፤ ዜማው ደግሞ «ጥዑም» ወይም «ቆንጆ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አልበም እንዲህ ባለው መንገድ ቢመረመር ዋናው ነገር ያመልጣል፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚዞረው በግጥሙ ብቻ ወይም በዜማው ብቻ ሳይሆን አንድ ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ፣ ሁለት ድምፆችም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ በሚፈጠረው ለውጥ ላይ ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደታሰበ፣ በአድማጭ ጆሮ ላይ ምን እንዳደረገና ለምን እንደገና መሠራት እንዳስፈለገው ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

አልበሙ 11 ዘፈኖች ያሉት ሲሆን ሁሉም ተያይዘው የአንዲት ሴት ታሪክ ናቸው። ባሏ ክረምቱ ሲወጣ ከአዘዞ ተሳፍሮ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ፣ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው መተማ ዮሐንስ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። ሰሊጥ ዘሩን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ በራሱ እየተከፈተ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ መሬት ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከደጋው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሙቀቱንና ወባውን ችሎ ሠርቶ፣ ኅዳር ላይ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚውለው ገና ስለዚህ በዚህ አካባቢ ላለ ብዙ ቤተሰብ የወረደው ሰው ቤቱ ገብቶ መገኘት ያለበት ቀን ነው። አልበሙ ለምን በገና ላይ እንደተንጠለጠለ የሚገባው ይህን የሥራ አቆጣጠር ለሚያውቅ አድማጭ ነው፤ ድምፃዊቷም ለማያውቀው አድማጭ ስትል ዘፈኖቹ ውስጥ ማብራሪያ ላለማስገባት ወስናለች። በዚህ ውሳኔዋ እስማማለሁ።

አቀናባሪው ከባሏ መለየት በሚነገርበት በአምስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ፉከራ እንዲገባ ፈልጎ ነበር። መተማ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱባት ቦታ ስለሆነች፣ ከተማዋም ስማቸውን ስለምትሸከም፣ ስሟ ሲነሳ የጎንደር ሰው ጆሮ ፉከራ ቢጠብቅ አይገርምም። ድምፃዊቷ ግን የእርሷ ሰው የሄደው ማጭድ ይዞ እንጂ ጦር ይዞ አይደለም ብላ አልተቀበለችውም። እንደ እኔ እምነት ይህ ከአልበሙ ትክክለኛ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ታላቅ ታሪክ በትንሽ ሰው ታሪክ ላይ ሲጫን ትንሹ ሰው ይጠፋል፤ እዚህ ዘፈን ውስጥ መተማ የምትገባው በቃል ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱን ለመተማ፣ ራሷን ለመታማት አሳልፋ እየሰጠች። ብቻዋን የቀረች ወጣት ሚስት ስሟ በጎረቤት አፍ እንደሚነሳ ሁሉም ያውቃል፤ አሥረኛው ዘፈንም የሐሜቱ ዘፈን ነው፤ አድማጩ ግን የዚያን ዘፈን ዘር አምስተኛው ላይ ተዘርቶለታል። በተጨማሪም «መተማ» የሚለው ቃል ሲዜም «ተ» በረጅም ድምፅ ላይ ስለሚውል አናባቢው እየተከፈተ ወደ «ታ» ይጠጋል። አንባቢ ሁለት ቃላት የሚያይበት ቦታ ላይ አድማጭ አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ ይሰማል።

ወደ ቅኝቶቹ ልለፍ። የሠርጉና የመጀመሪያዎቹ የትዳር ወራት ዘፈኖች፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት፣ በአንቺሆዬ ተሠርተዋል። አንቺሆዬ ከዶ ቀጥሎ ሬ ቤሞል (ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ከፋ ቀጥሎ ደግሞ ሶል ቤሞል ስላለው በአምስት ድምፅ ውስጥ ሁለት ጊዜ የግማሽ ድምፅ መጠጋጋት አለበት፤ በሠርግ ቤት የለመድነውም ስለሆነ ታሪኩ የት እንደሚጀመር ለመናገር ቃል አያስፈልገውም። መለየቱ በአምባሰል ነው። ስድስተኛው ዘፈን፣ ባልየው ከእርሻው ላይ የሚያዜመውና የወንድ ድምፅ ያለበት ብቸኛው ዘፈን፣ በባቲ ተሠርቷል። አራተኛው ዘፈን ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሦስተኛው ያለውን መድገም ነው። ይቅር ብዬ ነበር፤ ሳይወጣ ቀርቷል፤ አሁንም ባይኖር እመርጣለሁ።

በመሣሪያ አጠቃቀም ረገድ ብዙ ያነጋገረን ማሲንቆው ነው። ባለማሲንቆው በአዝማሪ ቤተሰብ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜም ከሁላችንም የሚበልጡ ሰው ናቸው። አቀናባሪው የቀረጻውን መሠረት በኪቦርድ ስለሠራው ማሲንቆው በኪቦርዱ ድምፅ ልክ እንዲቃኝ ጠየቃቸው። እርሳቸውም «እሺ» ብለው ቃኙ፤ ተጫወቱም። ነገር ግን የኪቦርዱ ግማሽ ድምፅ ሁልጊዜ እኩል ሲሆን፣ በማሲንቆ ላይ ጣት በአንዷ የፈረስ ጭራ አውታር ላይ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ቅኝቱና እንደ ተጫዋቹ ይለያያል፤ ይህም ልዩነት በአንቺሆዬ ላይ በጣም ይሰማል። የተቀረጸው ልክ ነበር፤ ግን የሰውዬው ድምፅ አልነበረም። ድምፃዊቷ «ጋሼ፣ ይህን እኛ ቤት እንደሚጫወቱት አድርገው አንድ ጊዜ ይጫወቱልኝ» ብላ ኪቦርዱን አስጠፋች። ከዚያ በኋላ የሆነው የአልበሙን ጠቅላላ አቀራረብ ወሰነ፦ ታሪኩ ቤት ውስጥ ሲሆን ማሲንቆው በራሱ ቅኝት ድምፃዊቷን እየተከተለ፣ ትንሽ ዘግየት እያለም ዜማዋን እየደገመ ይጫወታል፤ ኪቦርዱ ዝም ይላል፤ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ብቻ ስድስት ስምንተኛውን ምት ይይዛሉ። ታሪኩ ከቤት ሲወጣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ይገባሉ።

ይህ ክፍፍል እጅግ የተስተካከለ ሆኖ ስላገኘሁት መጀመሪያ ላይ ሰጋሁ፤ አድማጭ ደንቡን በሁለተኛው ዘፈን ከገመተ የቀረው ያሰለቸዋል። ያዳነው ስድስተኛው ዘፈን ነው። ባልየው ከሰሊጡ ማሳ ላይ ሲያዜም፣ ሳክስፎኑ ሊገባ በሚጠበቅበት ቦታ ላይ፣ ማሲንቆው ለአራት ስንኝ ያህል ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማና ይጠፋል። ቤቱን አሰበ ማለት ነው፤ ግጥሙ ግን በዚያ ሰዓት ስለ ሙቀቱና ስለ አለቃው እንጂ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አይናገርም። ሰውየው የማይናገረውን መሣሪያው ይናገርለታል። በዚህ አልበም ውስጥ ደጋግሜ ያዳመጥኩት ቦታ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛው ዘፈን እመጣለሁ። ርዕሱ «ገና» ነው፤ የአዝማቹ እምብርትም «ገና ነው» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው «ና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ «አልደረሰም፣ ጊዜ አለው» ማለት ነው። በሰባተኛው ዘፈን ላይ ሴትዮዋ አጥብቃ ታዜመዋለች፦ ገና ነው፣ በዓሉ ደርሷል፣ ሰውዬው ይመጣል። ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። በአሥራ አንደኛው፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ያው ዜማ፣ ያው አዝማች ይመለሳል፤ በዓሉ ግን አልፏል፤ ሰውዬውም አልመጣም። «ሚ» እና «ላ» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ሆኗል፤ «ና»ም ላልቷል። ገና ነው። አልደረሰም። ከቃላቱ አንዱ ፊደል እንኳ አልተለወጠም።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በዜማ ላይ ግን ማጥበቅና ማላላት በቀላሉ የሚጠፉ ነገሮች ናቸው። በንግግር ውስጥ አንድ ተነባቢ ጠበቀ የምንለው ከሌላው ረዘም ብሎ ስለሚያዝ ነው፤ ዜማ ደግሞ የድምፆችን ርዝመት ሁሉ በራሱ ምት እንደገና ይለካቸዋል፤ ስለዚህም የላላው የጠበቀ፣ የጠበቀውም የላላ ሊመስል ይችላል። ብዙ ዘፈን ላይ አድማጭ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዐረፍተ ነገሩ እንጂ ከተነባቢው አይደለም። እዚህ ግን ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ትርጉም ስለሚሸከም ጆሮ የሚይዘው ሌላ ነገር የለም። ድምፃዊቷ በአስቴር አወቀ ዘፈኖች ያደገች፣ አናባቢን እያንቀጠቀጠች ማስረዘም የምትወድ በመሆኗ በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ በሁለቱም ዘፈኖች «ገ»ን አርዝማ ስለነበር ሁለቱም ላልተው ይሰሙ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ምሽት ይህን ሰምቼ አሥራ አንደኛው ዘፈን የሰባተኛው ድግግሞሽ ብቻ ነው፣ ይውጣ አልኩ። ተሳስቼ ነበር፤ መውጣት የነበረበት ዘፈኑ ሳይሆን መስተካከል የነበረበት አዘማመሩ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከራሱ ከተነባቢው ባሕርይ ነው። «ን» በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ አፍ ሳይከፈት በዜማ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ «ት» ወይም «ክ» ቢሆን ይህ አይቻልም ነበር። ስለዚህ በሰባተኛው ዘፈን ላይ «ገ» በሶል ላይ አጭር ሆና፣ «ን» ራሷን ችላ በሚ ላይ እንደ ማንጎራጎር ተይዛ፣ «ና» ወደ ሬ፣ «ነው» ደግሞ ወደ ዶ እንዲወርድ ተደረገ። ተነባቢዋ የራሷ ድምፅ ስላገኘች መጥበቋን ማንም ሊስተው አይችልም። በአሥራ አንደኛው ላይ ግን «ን» ድምፅዋን ተነጠቀች፤ «ገ» ከሶል ተነሥታ በአናባቢዋ እየተንሸራተተች እስከ ሚ ቤሞል ትወርዳለች፤ «ና»ም ወዲያው ትከተላለች። ተስፋው በነበረበት ቦታ ላይ ክፍት አፍ ብቻ ቀረ። ድምፃዊቷ የምትወደው አናባቢን የማስረዘም ልማድ በመጨረሻ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፤ ሰባተኛው ላይ የተከለከለች በመሆኗ አሥራ አንደኛው ላይ ሲፈቀድላት አድማጩ ልዩነቱን ይሰማል።

በሁለቱ መካከል ስላሉት ዘፈኖች ጥቂት ልበል። ስምንተኛው በመጀመሪያ በክራር ታጅቦ በንግግር የሚነገር ትረካ ነበር፤ ሴትዮዋ የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፈች፣ ዶሮው እንዴት እንደተሠራ፣ ለማን እንደተቀመጠ ይዘረዝር ነበር። ቋንቋው መልካም ነው፤ ነገር ግን «አልመጣም» የሚለውን ቃል ስለያዘ አሥራ አንደኛው ዘፈን የሚገልጠውን ነገር ሦስት ዘፈን ቀድሞ ያወጣው ነበር። ረጅም ክርክር ተደርጎ ትረካው ወደ አንድ ደቂቃ አጠረ፤ የሚያልቀውም ሣህኑ ገበታው ላይ ሲቀመጥ ነው። ዘጠነኛው የሚጀምረው በላሊበሎች ዜማ ነው። ጎንደር ውስጥ የኖረ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ባልና ሚስት ሆነው በየደጃፉ ቆመው የሚያዜሙትን፣ የተሰጣቸውንም ተቀብለው መርቀው የሚሄዱትን ያውቃል። ሴትዮዋ ትሰጣቸዋለች፤ የሚመርቋት ግን ባልየው ቤት እንዳለ አድርገው ነው። ላሊበሎቹ ማን ተኝቶ ማን ተነሥቶ እንደሆነ ስለማያውቁ በየቤቱ ሲመርቁ እንደዚሁ ነው። ድምፃዊቷ አንዲት ቃል ሳትጨምር ልማዱ ራሱ እንዲናገር መተዋ የማደንቀው ነው።

በሦስተኛው ምሽት አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አዘዞ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ ሰባት ሰዎች ተቀምጠው አዳመጡት፤ ቡናም እየተፈላ ነበር። ከሰባቱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ፤ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ለአረምና ለአጨዳ ይወርዱ እንደነበር ኋላ ነገሩን። አሥራ አንደኛው ዘፈን ላይ «ገና» ላልታ በተሰማች ጊዜ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ድምፃዊቷ ዞሩና «ሰውየው ሞተ እንዴ ልጄ?» አሏት። እርሷም «እኔም አላውቅም እማማ» አለቻቸው። «አታውቂም?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «እንዲያ ነው» አሉ። ግጥሙ ስለ ሞት አንዳች አይናገርም። ጥያቄያቸው ከሁለት ዝቅ ካሉ ድምፆችና ከአንዲት ከላላች ተነባቢ ብቻ የመጣ መሆኑን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ችግሩ የመጣው ከማግሥቱ ነው። ከአድማጮቹ አንዱ ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት ስለነበር ዘፈኖቹን በፍላሽ ወስዶ ሥራ ላይ ሲያዳምጥ ዋለ። ማታ ሲመለስ «የመጨረሻው ዘፈን ቀድሞ ነው የሚመጣው» አለን። የፋይሎቹ ስም ቁጥር ስላልነበረው የባጃጁ ማጫወቻ በራሱ ቅደም ተከተል ደርድሯቸዋል፤ የላላው «ገና» ከጠበቀው በፊት ሆነ፤ ባልየው ሳይሄድ ሳይመጣ ቀረ። የካሴት ዘመን ልጅ በመሆኔ ይህን ስሰማ ያዘንኩት ከሌሎቹ ይበልጥ ይመስለኛል። ካሴት ሁለት ገጽ ነበረው፤ አንደኛው ገጽ ምን ላይ እንደሚያልቅ፣ ሁለተኛው በምን እንደሚጀምር ዘፋኙም አሳታሚውም ያስቡበት ነበር፤ አድማጩም ማጠንጠን ስለሚሰለቸው የተሰጠውን ቅደም ተከተል ይቀበል ነበር። ዛሬ አንድ አልበም በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ በስልክና በዩቲዩብ ላይ ተበታትኖ ይሰማል፤ አብዛኛው ሰውም ከ11 ዘፈን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ያውቃል።

አቀናባሪው ፋይሎቹን ቁጥር እንስጣቸውና ይብቃ አለ። ቁጥሩ ተሰጠ፤ ነገር ግን ሰባተኛው ዘፈን ለብቻው በክሊፕ እንደሚወጣ አስቀድሞ ተወስኖ ስለነበር ቁጥር ብቻውን አይበቃም ነበር። ሰባተኛውን ብቻ የሚሰማ ሰው የበዓል ዘፈን ሰምቶ ይሄዳል፤ ከዓመት ዓመትም በየገናው በዓሉን ለማድመቅ ይከፈታል፤ የሴትዮዋ ታሪክ ይቀራል። የበዓል ዘፈን መሆኑ ለገበያው መልካም እንደሆነ የተናገረም ነበር። ድምፃዊቷ ይህን አልወደደችውም፤ እኔም አልወደድኩትም።

ሁለት ቀን ከታሰበበት በኋላ ያገኘችው መንገድ ተቀባዮቹን መጠቀም ነው። በሰባተኛው ዘፈን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አዝማቾች ላይ ተቀባዮቹ እንደ እርሷው አጥብቀው ይመልሳሉ። በሦስተኛው ላይ እርሷ «ገና ነው» ብላ አጥብቃ ስትጥል፣ እነርሱ በትዝታ ሜጀሩ ላይ እንዳሉ፣ ዜማውንም ሳይለቁ፣ አላልተው ይቀበሏታል። «ሚ» አልወረደችም፤ «ላ»ም አልወረደችም፤ ከበሮው ይመታል፤ የሚያስከስክስም ትከሻውን ማንቀጥቀጡን አይተውም። እርሷ በዓሉ ደረሰ ትላለች፤ እነርሱ አልደረሰም ይሏታል፤ የሚሉት ግን ያንኑ ቃል ነው። ባለማሲንቆው ይህን ሲሰሙ አዝማሪ ቤት እንዲህ ያለ መቀበል እንደሚታወቅ፣ ተቀባይ የዘፋኙን ቃል ተቀብሎ በሌላ መንገድ ሊመልስበት እንደሚችል ነገሩን። አልበሙን ሙሉ ለሚሰማው ሰው ይህ የአሥራ አንደኛው ዘፈን ጥላ ይሆንለታል፤ ሰባተኛውን ብቻ ለሚሰማው ደግሞ፣ ልብ ካለ፣ ታሪኩ እዚያው ውስጥ አለለት። ልብ ያላለው ይጨፍርበታል፤ በእርሱም ላይ ቅሬታ የለኝም።

ከተቀባዮቹ ቀረጻ በኋላ የተለወጠ ነገር የለም። የሽፋኑ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ግን አንድ ጉዳይ ተነሣ። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ ዘፈኖች በዝርዝሩ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ «ገና» እና «ገና» ተብለው ሰፈሩ። በአንዱ ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ይደረግ ወይስ «ቁጥር ሁለት» ይባል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ድምፃዊቷ ሁለቱንም አልተቀበለችም። ሽፋኑ ወደ ማተሚያ ቤት በተላከ በማግሥቱ ሠራተኛው ደወለና አንድ ርዕስ ሁለት ጊዜ በስሕተት ተጽፏል፣ የቱን ላጥፋ ሲል ጠየቀ። «ሁለቱንም ተዋቸው ወንድሜ፣ አንድ አይደሉም» አለችው።